ውጤቱ በማንም ላይ አይያዝም

ዳንግላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ብሥራት፣

እንዴት ባጀህልኝ? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። ደብዳቤህን የሚኒባሱ ሹፌር ውብአየሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። «ስልክ ብደውል አያነሡም፤ ተቀየሙኝ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አልተቀየምሁህም። ጆሮዬ ነው። አምና የግራው ሄደ፤ ዘንድሮ ከጥምቀት ወዲህ ቀኙም ተከተለው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር «ዝም በሉ!» እያልሁ ስጮህ ኖሬ አሁን ዓለሙ ሁሉ ዝም አለልኝ። በሞባይል መልእክት መላክ እንደሚቻል ነግረውኛል። ነገር ግን በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማንበብ አልችልም፤ ብችልም አልፈልግም። እግሬም እንደ ድሮው አንተ ያለህበት ቆሰበር ድረስ አያስኬደኝም። ስለዚህ እንዲህ በወረቀት እንጻጻፍ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄ የምሥራች ባለፈው ሳምንት ጽፋልኝ ነበር። አንተ ባለህበት ኮሌጅ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የሚማሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አዲስ ፈተና ሊሰጣቸው ነው አሉ፤ ያዘጋጀኸውም አንተ ነህ። ጓደኞቿ «በዚህ አሳብበው ሊጥሉን ነው» እያሉ አስፈራርተዋታል። ከአሁኑ መልስ እየተቀባበሉ የሚያጠኑም አሉ። «አባዬ፣ ምን ላድርግ?» ትለኛለች። ልጄ ስለሆነች አንተን ፊት ለፊት መጠየቅ አፍራለች። እውነቱን ጻፍልኝ፤ እኔ እነግራታለሁ።

መምህርህ ይኸነው አየነው


እንጅባራ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ይኸነው፣

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ ጆሮዎ ሳነብ አዘንሁ። እኔ ደግሞ ስልኩ ሲጠራ ዝም ሲሉ ስንት ነገር አሰብሁ።

የምሥራች የፈራችው ምዘና የእኔ ሥራ ነው። ጋሼ፣ በዚህ የሚፈተኑት ልጆቹ አይደሉም፤ እኛ ነን። አራት ዓመት አስተምረን ስናስመርቃቸው በእውነት ምን ይዘው እንደሚወጡ አናውቅም። አምና በማዕረግ ያስመረቅነው ልጅ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ «የሠራተኞቻችንን መዝገብ አደራጅልን» ቢሉት ሦስት ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ተነሣ። ኃላፊው ደውሎ «ለመሆኑ ምን ነበር የምታስተምሯቸው?» አለኝ። የሰጠነው ነጥብ መዝገብ ላይ አለ፤ ትምህርቱ ግን ልጁ ጋ የለም።

ስለዚህ አምስት ጥያቄ አዘጋጀሁ። በአንድ ኮርስ ብቻ አይመለሱም፤ የአራቱን ዓመት ትምህርት አንድ ላይ የሚጠይቁ ናቸው። የትኛው ትምህርት እንደገባቸው፣ የትኛውን ስሙን ብቻ ሰምተው እንዳለፉ ማወቅ እፈልጋለሁ። ልጆቹ ከተኮራረጁ ግን የማውቀው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ለየምሥራች እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ፦ ውጤቱ በማንም ተማሪ ላይ አይያዝም፤ ከነጥቧም ከምረቃዋም ጋር አይገናኝም። የምታውቀውን ትሥራ፤ የማታውቀውን አትገምት፣ ባዶውን ትተወው። ቃሌን እሰጥዎታለሁ።

ተማሪዎ ብሥራት ደጉ


ዳንግላ፣ ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ብሥራት፣

በሰላም ውለህ ትግባ። የላክኸውን ማር ውብአየሁ አድርሶልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ምን አስቸገረህ።

ለየምሥራች ያልኸኝን አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁላት። «መምህር ብሥራትን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ካለ አለ ነው» ብዬ ከታች ፈረምሁበት።

ከማሩ ጋር በላክኸው ማስታወሻ ቤት ውስጥ እንዴት ያለች ልጅ እንደሆነች ላልኸኝ፣ እኔ አባቷ ምን ልበልህ። ፈጣን አይደለችም። አንድ ነገር እስኪገባት ሰው ታሰለቻለች፤ ከገባት በኋላ ግን አይወጣም። አሥረኛ ክፍል እኔው ነበርሁ ሒሳብ ያስተማርኋት። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «አባዬ» ብላ አልጠራችኝም። እጇን አውጥታ «መምህር፣ አልገባኝም» ትላለች። ማታ ራት ስንበላ ያንኑ ጥያቄ ብትጠይቀኝ እመልስላት ነበር። እርሷ ግን «ሌሎቹም ይስሙት ብዬ ነው» ትለኛለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችውም እርሷ ናት፤ ሳትማረር።

ለሐምሌው ምረቃ ኮት አሰፍቻለሁ። እግሬን ተሸክማችሁም ቢሆን ታመጡኛላችሁ።

ይኸነው


እንጅባራ፣ ግንቦት 26 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናቡ እኛ ጋ ጀምሯል፤ የዶርሙ ጣሪያ ያፈሳል።

ምዘናው እንዴት ሆነ ብለው ለጠየቁኝ፣ አለቀ። አርባ አንድ ልጆች ተፈተኑ። ሃያ ሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ አስረከቡኝ፤ የፊደል ስሕተቱ ሳይቀር አንድ ነው። ዘጠኙ ወረቀታቸውን በብዛት ባዶ ትተዋል። ሌሎቹ መካከለኛ ናቸው።

የምሥራች ከዘጠኙ አንዷ ናት። ሁለቱን ጥያቄ በጥንቃቄ ሠርታ ሦስቱን ትታቸዋለች። በሦስተኛው ሥር እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ይህን አልተማርነውም። መምህሩ በሁለተኛው ወር ለቀቀ፤ የተማርነው የኮርሱን ስም ነው። ነጥቤ ግን ቢ ነው። እንዴት ቢ እንዳገኘሁ አላውቅም።» ጋሼ፣ ወረቀቷን ይዤ ተነሥቼ ቆምሁ። ልሰማው የፈለግሁት ይህንን ነበር። ቢሮ ያሉትን ሁሉ ጠርቼ አስነበብኋቸው። በሪፖርቴም ላይ ስሟን ሳልጠቅስ ቃል በቃል አስገባሁት። ትናንት ለኮሌጁ ዲን ለአቶ ክንዴ ሰጥቻለሁ።

በልጅዎ ይኩሩ። እኔ ኮርቻለሁ።

ብሥራት


ዳንግላ፣ ሰኔ 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ብሥራት፣

ሁለት ጊዜ ጻፍሁልህ፤ አልመለስህልኝም። ውብአየሁ «በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ተቀብሎኛል» ይላል። ታመህ ይሆን ብዬ ብጠይቀው «ኧረ ደህና ነው፤ ብቻ ፊት አይሰጥም» አለኝ።

የምሥራችም ደብዳቤዋ አጥሯል። «የምረቃው ቀን ገና አልታወቀም» ትለኛለች። የጎረቤቴ የወይዘሮ ዘውድነሽ የእኅት ልጅ እዚያው ከእርሷ ጋር የሚማር ነው፤ ጋዋኑን ለክቶ ፎቶ ተነሥቶበት ለእናቱ ልኳል። ቀኑ ሳይታወቅ ጋዋን ይለካል?

እኔ ደንቆሮ ሆንሁ እንጂ ልጅ አልሆንሁም። ምንድን ነው የምትደብቁኝ?

ይኸነው


እንጅባራ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ሰላምታ ለመጻፍም አፍሬያለሁ።

የምሥራች ከመመረቂያው ዝርዝር ወጥታለች። ዘጠኙም ወጥተዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ኮሌጁን የሚገመግም ኮሚቴ ከባሕር ዳር እንደሚመጣ ተነገረ። አቶ ክንዴ ጠራኝና ሪፖርቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «ይኼን ምዘና በመስጠትህ ደግ አደረግህ። ኮሚቴው 'ለውጤቱ ምን እርምጃ ወሰዳችሁ?' ማለቱ አይቀርም» አለኝ።

«እርምጃው ኮርሶቹን ማስተካከል ነው» አልሁት።

«ኮርስ ማስተካከል ዓመት ይፈጃል። የወደቁትን ማስቀረት ግን ዛሬ ያልቃል።»

«የወደቀ የለም እኮ። ባዶ የተዉት እኔ ተዉት ስላልኋቸው ነው። የኮረጁትን ልታስመርቅ ነው?»

«ወረቀታቸው ሙሉ ነው።»

«ውጤቱ በማንም ላይ አይያዝም ብለናቸዋል!»

«አንተ ነህ ያልኻቸው። በጽሑፍ አለ?»

ያልኋቸው ክፍል ውስጥ በቃል ነበር። በስብሰባው ተቃወምሁ፤ ስድስት ለአንድ ተሸነፍሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን እንድፈርም አቀረቡልኝ። ለመገኘትህ ብቻ ነው አሉኝ። ፈረምሁ። አሁን ዘጠኙን ባስቀረው ወረቀት ላይ የእኔም ስም አለ።

ለየምሥራች ራሴ ነገርኋት። አላለቀሰችም። «ሌሎቹስ ስምንቱ እነማን ናቸው?» አለችኝ። ስነግራት «ለሸጋ እንዳትነግራት፤ እኔ አለሳልሼ እነግራታለሁ» አለች፤ ሸጋ አብራት ቤት የተከራየችው ልጅ ናት። ከዚያ «ለአባቴም አትጻፍለት፤ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ» ብላ አስማለችኝ። እሄዳለሁ ያለችው ቅዳሜ አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። እኔም በመሐላዬ ተሸሽጌ ዝም አልሁ። እውነቱን ለመናገር መሐላው ተመችቶኝ ነበር።

ልጅዎ ደህና ናት፤ በተከራየችው ቤት ነች።

ብሥራት


ዳንግላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ብሥራት፣

በተከራየችው ቤት የለችም። ትናንት ወይዘሮ ዘውድነሽ ስለ እኔ ብላ ቆሰበር ድረስ ሄዳ ነበር። በሩ ቁልፍ ነው። አከራይዋ «ከሳምንት በላይ ሆናት፤ ልብሷን ይዛ ወጥታለች» አለቻት። ደህና ናት ብለህ የጻፍኸው አይተህ ነው ወይስ ገምተህ?

አሁን ደግሞ ስማኝ። ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ፤ ለልጄ ያደረስሁት ግን እኔ ነኝ። በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ። ጓደኞቿ ሲያስጠነቅቋት እነርሱን ትታ እኔን ሰማች።

በጽሑፍ አለ ወይ ብሎኛል፣ ያልኋቸው ግን በቃል ነበር አልኸኝ። አለ። እኔ ጋ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን የጻፍኸልኝ ደብዳቤ «ውጤቱ በማንም ተማሪ ላይ አይያዝም» ይላል፤ ስምህና ፊርማህ ከነቀኑ አለበት። ከምዘናው በፊት የተጻፈ ነው። ኮፒ አስነሥቼ አስቀርቻለሁ፤ ዋናው ይኸው አብሮ ደርሶሃል። ይህን ይዘህ ከአቶ ክንዴ በላይ ወዳለው ሂድ። እንጀራህን ሊያሳጣህ ይችላል። እኔ ግን ልለምንህ አልፈልግም፤ መሄድ ያለብህ ስለሆነ ትሄዳለህ።

ከዚያ በፊት ልጄን ፈልግልኝ።

ይኸነው


እንጅባራ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው፣

ጤናዎ እንደሚሆን እየሆነ ነው ብሎ ውብአየሁ ነገረኝ። ደብዳቤዬ ሁሉ መጥፎ ወሬ ተሸካሚ ሆነ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሸጋን አገኘኋት። ወደ አዘና ገብታ ወላጆቿ ጋ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ልታናግረኝ አልፈለገችም፤ «ግድ የለሽም፣ ንገሪው» ያላት አባቷ ነው። የምሥራች ወደ መተማ ሄዳለች። ለሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ የሚሰበስብ ሰው «ምግብ የሚያበስሉ ሴቶች እፈልጋለሁ» ብሎ ሲዞር ተመዘገበች። ሸጋ «አባትሽ ጋ አትሄጂም ወይ?» ብትላት «ኮት አሰፍቷል፤ ኮቱን እያየሁ ምን እለዋለሁ?» አለቻት። የተሳፈሩበት አይሱዙ በዳንግላ በኩል ነው ያለፈው። ሸጋ ይህን አትጻፍላቸው ብላኝ ነበር። ከእንግዲህ የምደብቀው ነገር እንዲኖር ግን አልፈልግም።

ደብዳቤውን ይዤ ባሕር ዳር፣ ከኮሌጁ በላይ ያለው ቢሮ ዘንድ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አቤቱታውን ተቀብለው መዝገብ ከፍተውልኛል። ኮሌጁ የሰማ ዕለት «የተቋሙን ስም አጉድፈሃል» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፤ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሥራ የለኝም። ስለ እኔ አያስቡ። ያን ቃለ ጉባኤ ሳልፈርም ተሰናብቼ ቢሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ እወጣ ነበር።

መተማ ያሉ ሰዎችን በስልክ እያፈላለግሁ ነው። እርሻው ብዙ ነው፤ ስሙን ሸጋ አታውቀውም።

ብሥራት


ዳንግላ፣ መስከረም 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ብሥራት፣

እንኳን አደረሰህ። ልጄ ተገኘች።

ትናንት ጧት ወይዘሮ ዘውድነሽ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ እየሮጠች ገባች። አፏን ሳይ «የምሥራች» እንደምትል ገባኝ። ስልኩን ቀምቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፤ ምንም። ዝም ብዬ ያዝሁት፤ ሞቅ ይላል። ዘውድነሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ደብተር አምጥታ ልጄ የምትለውን እየሰማች ጻፈችልኝ። ወረቀቱ አጠገቤ ነው፤ እንዲህ ይላል፦

«አባዬ፣ ደህና ነኝ። ከመተማ አለፍ ብሎ እርሻ ላይ ነው ያለሁት። እህል ጨርሶ አላጣሁም። መጀመሪያ አብሳይ ነበርሁ፤ አሁን ግን አለቃው ጽሕፈቴን አይቶ ሠራተኞቹን መዝግቢልኝ ብሎኛል። ኮምፒውተር የለም፤ መብራትም የለም። በደብተር ነው። አጨዳው ሲያልቅ በኅዳር እመጣለሁ። ይቅር በለኝ።»

እኔ «ይቅር የምትይኝስ አንቺ ነሽ» ብዬ ጮኽሁ። በጣም ሳልጮህ አልቀርም፤ ዘውድነሽ ደነገጠች። ከዚያ ስለ አንተ ጠየቅኋት። «መምህር ብሥራት ስለ እናንተ ብሎ ሥራውን አጣ፤ ምን ልበልልሽ?» አልኋት። ዘውድነሽ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆየች። ምን አለች ብላት «ዝም አለች» ብላ ጻፈችልኝ። ልደብቅህ ነበር፤ ኋላ ግን አንተም እውነቱን ማወቅ አለብህ ብዬ ጻፍሁት።

ልጅ ናት፤ ጊዜ ስጣት።

ይኸነው


እንጅባራ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው፣

እንደምን ሰነበቱ? ዛሬ እንኳ ሰላምታዬን ደፈር ብዬ አቀርባለሁ።

ተወሰነ! ከባሕር ዳር የመጣው ደብዳቤ ትናንት ለኮሌጁ ደርሷል፤ ግልባጩ እኔ ጋ ነው። ዘጠኙ ልጆች ያለ አግባብ ከምረቃ መቅረታቸው ተረጋግጧል፤ ዲግሪያቸው በአንድ ወር ውስጥ እንዲሰጣቸው ታዟል። እርስዎ የላኩልኝን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሰጥተው ጠቅሰውታል። ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። የኮረጁት ላይ ምንም አልተባለም፤ እነርሱ ሥራ ይዘዋል።

መተማ ላይ ስላለው ወባ ለጠየቁኝ፣ እዚያ የሠሩ ሰዎችን አነጋግሬያለሁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይበረታል ይላሉ። አጎበር የሚሰጡ እርሻዎች አሉ፤ የማይሰጡም አሉ። ስትደውል ወይዘሮ ዘውድነሽ ይህን አስቀድማ ትጠይቅልዎት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዲግሪው ይንገሯት። የደወለችበት ስልክ የሌላ ሰው ነበር፤ ብሞክረው ኔትወርክ የለውም።

ብሥራት


እንጅባራ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው፣

ሰላም ነዎት? ለደብዳቤዎ ሳልመልስ ስለቆየሁ ይቅርታ፤ መንገድ ላይ ነበርሁ። የፊታችን እሑድ ማለዳ ከድሮ ባልደረቦችዎ ከሁለት ሦስቱ ጋር ቤትዎ እንመጣለን። እባክዎ ከቤት አይውጡ።

ብሥራት


ዳንግላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ብሥራት፣

እኔም በእንዲህ ያለ ማለዳ ሰው አስከትዬ ስንቱ ቤት ሄጃለሁ። በር ላይ ተሰብስበን፣ ማን ይጀምር እየተባባልን፣ ሰውዬው ገና ሲያየን መርዶ መሆኑ ሲገባው አውቃለሁ።

ለእኔ ግን ይህ አይሆንም። ሽማግሌዎች ፊቴ ቆመው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ልይ? ወይስ ዘውድነሽ ሰው ሁሉ እያየ ወረቀት ላይ ትጻፍልኝ? አንተ ጻፍልኝ። መቼ፣ የት፣ በምን፣ ማን አጠገቧ ነበር፣ የት አረፈች። ሰው ሳይሞላ ብቻዬን ላንብበው። ውብአየሁ ነገ ሲመለስ በእጁ ላክልኝ። በሬን ክፍት አድርጌ እጠብቃለሁ።

ይኸነው


እንጅባራ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው፣

የምሥራች ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን ረፋድ ላይ አርፋለች። ወባ ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ አውቄ ደብቄዎታለሁ።

ቅዳሜ ራሷን አመማት፤ «ድካም ነው» ብላ ስትጽፍ ዋለች። እሑድ ትኩሳቱ ጣላት። ሰኞ በትራክተር አሳፍረው ጤና ጣቢያ አደረሷት። መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ዘግይቶ ነበር። አብረዋት ምግብ ከሚያበስሉት ሴቶች አንዷ፣ የአዲስ ቅዳም ከተማ ልጅ እህተማርያም፣ ከአጠገቧ አልተለየችም። በመጨረሻው ሰዓት ሲያቃዣት ነበር፤ እህተማርያም እንደነገረችኝ «ሌሎቹም ይስሙት» ትል ነበር። ምን እንደሆነ አልገባትም። እርስዎ ያውቁታል ብዬ ጻፍሁት።

የዚያኑ ቀን ቀትር ላይ የእርሻው አለቃ ምንይችል የሚባል ሰው ደወለልኝ። ወዲያው ተነሣሁ፤ ስደርስ ሐሙስ ሆነ። በዚያ ሙቀት ሊያቆዩልኝ አልቻሉም። ካህን ፈትቷታል፤ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከግንቡ ሥር ጥላ ያለበት ቦታ ነው ያረፈችው። በድንጋይ አስከብቤዋለሁ። ስለ ዲግሪው አልሰማችም። የደወለላት ሰው አልነበረም።

ምንይችልን «የእኔን ስልክ ከየት አገኘኸው?» አልሁት። ገብቶ አንድ ትልቅ ደብተር አመጣልኝ።

ጋሼ፣ የልጅዎን ሥራ ልንገርዎት። ያ እርሻ አራት መቶ ያህል ሠራተኛ አለው። ምንይችል መዝግቢልኝ ያላት ስምና የሥራ ቀን ብቻ ነበር። እርሷ ግን ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አምና ሰባት ሰው በወባ ሞቶ የአምስቱ አገር ሳይታወቅ እንደተቀበረ ነገሯት። ስለዚህ ገጹን በመሥመር ከፋፍላ አዲስ ዓምድ ጨመረች፦ አገር፣ ቀበሌ፣ ቢታመም የሚነገረው ሰው። በአውኝ ቋንቋ ብቻ የሚናገሩት አገራቸውን እንዴት እንደሚጠሩት፣ መንግሥት ደግሞ በምን ስም እንደሚያውቀው ለየብቻ ጽፋዋለች፤ አንዱ ከሌላው ጋር እንዳይምታታ። በመጨረሻ ደግሞ ሌላ ዓምድ አለ፦ «የሚነገረው ሰው ስልክ የማይሰማ ቢሆን ለማን ይደወል?» ምንይችል «ይቺን ለምን እንደጨመረቻት አላውቅም፤ ግን ሁለት ጊዜ ሠርታልናለች» አለኝ።

ዘንድሮ ከእርሷ በፊት አራት ሰው ሞቷል። የአራቱም ቤተሰብ አውቋል። አምስተኛዋ እርሷ ናት።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ከመሄዷ በፊት ደብተሩን አምጡልኝ ብላ የራሷን መሥመር ሞልታለች። የጎደለ ነገር የለውም። የምሥራች ይኸነው፣ ዳንግላ። የሚነገረው ሰው፦ አባቴ መምህር ይኸነው አየነው። ስልክ አይሰማም። የሚደወልለት፦ መምህር ብሥራት ደጉ። ቁጥሬን በቃሏ ነበር የያዘችው።

ዝም አለች ብለው የጻፉልኝን ከመስከረም ጀምሮ ስሸከመው ነበር። አሁን ምን እንደምለው አላውቅም። ይቅር ብላኝ ይሁን፣ ወይስ ሌላ የሚደውልልዎ ሰው ስላጣች፣ አልነገረችንም። መርዶዎን እንዳደርስ ግን የመረጠችው እኔን ነው፤ እኔም ዐሥር ቀን አሳለፍሁባት።

አራት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ያን ደብተር እኔ ልሠራው አልችልም ነበር።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ብቻዬን እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይደርሳሉ። ደብተሩን ላመጣልዎ ምንይችልን ለምኜው ነበር፤ አልሰጠኝም። አጨዳው ገና ስላላለቀ፣ አሁን እህተማርያም እየጻፈችበት ነው።

ብሥራት